የብርጭቆው ስህተትና የሰው ስህተት

«ቆይ፣ መልሰው! ቅድም ብርጭቆው ሙሉ ነበር እኮ።» ተከታታይ ኮሜዲ ሲታይ እንዲህ የሚል ሰው ከየቤቱ አይጠፋም። ስህተት መልቀም ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ልብ ብሎ ማየትንም ያስተምራል። ችግሩ ብርጭቆውን ስንቆጥር ሰውየውን መርሳታችን ነው።

የዚህ ጨዋታ ዋና ሜዳ «ፍሬንድስ» ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1994 እስከ 2004 በ10 ሲዝን 236 ክፍሎች ታይተዋል። ሮስ በሦስት ሲዝን ውስጥ ዕድሜው ከ29 ፈቀቅ አላለም። የሞኒካ ቤት ቁጥርም መጀመሪያ 5 ነበር፤ ቤቱ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ መሆኑ ሲታሰብ 20 ሆነ።

ይሄ ሁሉ የስንፍና ውጤት አይደለም። አንድ ትዕይንት ተደጋግሞ ይቀረጻል፤ ኤዲተሩ ደግሞ ተዋናዩ የተሻለ የተጫወተበትን ይመርጣል። ሳቁ ካማረ የብርጭቆው ልክ ባይገጥምም ያልፈዋል። ቡና የሚፈላበትን የሀገር ቤት ድራማ አስቡት። ፍሙ፣ የዕጣኑ ጭስ፣ የሲኒው ልክ በየደቂቃው ይለዋወጣል። ይህን መዝግቦ የሚይዝ ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር ከሌለ፣ አቦል ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ የቡናው ቁሌት ገና ሲታጠብ ልናይ እንችላለን። ስቀን እንለፈው።

ስቀን የማናልፈው ሌላ አለ። እዚህ ቶሮንቶ፣ ከዌስተን በባቡር መሀል ከተማ ወርደው ትንሽ ሲሄዱ ሞስ ፓርክ ይገኛል። በ2016 ሲቢሲ የጀመረው «ኪምስ ኮንቪንየንስ» ታሪኩ የዚህ ሰፈር ነው፤ ሱቅ ያለው የኮሪያ ቤተሰብ ኑሮ። በ2021 ከተጠናቀቀ በኋላ ተዋናዩ ሲሙ ሊዩ፣ ከጀርባ ሆነው ከሚያዘጋጁት መካከል የምሥራቅ እስያ ሰዎች ማነሳቸውን በይፋ ተናገረ። እናትየዋን የተጫወተችው ጂን ዩንም በድርሰቱ ውስጥ ከባህሉ ጋር የማይሄዱ ነገሮች እንደነበሩ ገለጸች። ብርጭቆ ቢቀያየር ማንም ያያል፤ ይሄንን ግን ያየው ባለቤቱ ነው።

እኛም የራሳችን አለን። «ሳውዝ ፓርክ» በ1997 አንድ የተራበ ኢትዮጵያዊ ልጅ አምጥቶ ንግግሩን በምላስ ጠቅታ ሞላው። የጠቅታ ድምፅ በዋናነት የደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች መለያ ነው፤ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም በጠቅታ ቃል አይሠሩም። ካርቱኑ ቀልድ ነው ይባል ይሆናል። ቀልድም ቢሆን ስለማን እንደሚቀልድ ማወቅ አለበት።

በተቃራኒው ስህተት ሳይሆን ስህተት የሚመስልም አለ። የሀገር ቤት ድራማ ላይ የግድግዳው ሰዓት 8 ላይ ቆሞ ገጸ ባሕሪው «ሁለት ሰዓት ሆነ» ቢል እዚህ ያደገ ልጅ «ተሳስተዋል!» ሊል ይችላል። አልተሳሳቱም፤ እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም ጽሑፍ ግን «ሁለት» ብሎ ከጻፈ ስህተቱ ያኔ ይፈጠራል፤ ስምንት ነው መባል ያለበት። ይህን ለልጁ የሚያስረዳው፣ ተርጓሚውንም የሚያርመው ሁለቱንም ሰዓት የሚያውቅ ሰው ነው።

እኔ በምሠራበት በሶፍትዌር ሙያ ስህተት ያገኘ ሰው «ዝርክርክ ነው» ብሎ አይሄድም። የት እንዳየው፣ ምን መሆን ሲገባው ምን እንደሆነ ይጽፋል። ያለዚያ የሚያስተካክለው ሰው መነሻ አያገኝም። እኛ ግን ድራማ ላይ ስንደርስ ማሾፍ ይቀናናል።

ስለዚህ መልቀሙን አንተው። የሲኒውን እየሳቅንበት እንለፍ። የቋንቋውን፣ የሰዓቱን፣ የባህሉን ግን የክፍሉን ቁጥርና ደቂቃውን ይዘን ለአዘጋጆቹ በአክብሮት እንጻፍላቸው። እዚህ ካሉት ተማሪዎቻችን ድርሰት የሚሞክር ካለም «ሥራ የሚሆን ተማር» ብለን አናሸማቀው። እሱ ጽሑፉ በሚዘጋጅበት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ፣ ስለእኛ የሚሠራው ስህተት ሳይቀረጽ ይታረማል።