የመጨረሻው መጠይቅ የቱ ነው?

በስንዴ ዋግ ጥናት ቡድናችን ውስጥ ይህን ያልጠየቀ አልነበረም። ሰባት ነን፤ አራታችን አርሲ ማሳ ላይ፣ ሦስታችን አዲስ አበባ። የመጠይቁ ፋይል በስልክ ግሩፓችን፣ በ«እንኳን አደረሳችሁ» እና በሠርግ ፎቶ መሃል ይቀበር ነበር። አንዴ ማሳ ላይ ያሉት ልጆች በአሮጌው መጠይቅ 40 ገበሬ አነጋግረው መጡ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አዲሱን የላክሁት እኩለ ሌሊት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ትሬሎ የተባለውን የሥራ ሰሌዳ ይዘናል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ፤ በካርዱ ላይ ባለቤቱ፣ ቀነ ገደቡና ፋይሉ። ክርክሩም እዚያው ካርዱ ሥር ስለሚቀር፣ ከወራት በኋላ «ይህን ጥያቄ ለምን ሰረዝነው?» ላለ ሰው መልሱ አለ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ያው ስልክ እንደውላለን። የገበሬዎቹን ስም ግን ሰሌዳው ላይ አንለጥፍም።

የቡድን መሪዎች፣ ግሩፑን ለሰላምታ ተዉትና ሥራውን ሰሌዳ ላይ አውጡት።