በመቶኛ የማይገባ አፈር

ከ17.2 በመቶ ወደ 23.6 በመቶ። የኢትዮጵያ የደን ሽፋን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ በዚህ መጠን አደገ የሚለው የመንግሥት መግለጫ ከመድረክ ወደ መድረክ ሲዞር፣ ቁጥሩን መሬት አውርዶ ያየው ሰው ጥቂት ነው። የ6.4 በመቶው ልዩነት በአገሪቱ ስፋት ሲሰላ ሰባት ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሆናል፤ የአማራ ክልልን ግማሽ ሊያክል ጥቂት የቀረው መሬት ማለት ነው። ራሱ መንግሥት ባወጣው መስፈርት አንድ ቦታ ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ሲሰፋ፣ ዛፎቹ 2 ሜትር ሲደርሱና ቅጠላቸው የመሬቱን 20 በመቶ ሲሸፍን ነው። በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በደጋው ብርድ የተተከለ ጽድ ወይም ወይራ በአራት ክረምት ይህን ያሟላል ብሎ መከራከር ይከብዳል። በዚያ ፍጥነት የሚያሟላው ባሕር ዛፍ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ዓይነት የሳተላይት ምስልና በአንድ ዓይነት አሠራር ካልተለኩ ደግሞ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የበቀለ ዛፍ ይሁን የተቀየረ አለካክ መለየት አይቻልም። ይህን ያህል ትልቅ ነገር ለሕዝብ የሚናገር አካል ስሌቱንም አብሮ ማሳየት ነበረበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መስፈርቱ ከመቶኛው ውጭ የሚያስቀረው ነው። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከ1,900 ሜትር ተነሥቶ እስከ 3,699 ሜትር ይወጣል። ከታች የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ሽቅብ ሲወጣ ኮሶው እየሳሳ አስታ ይተካዋል፣ ከዚያ የጓሳ ሣርና ጅብራ ይቀራሉ። ጓሳው ደን አይደለም፤ 2 ሜትር ያልሞላ አስታም አይቆጠርም። ነገር ግን የዚህ አካባቢ ሀብት ያለው እዚያው ከሥሩ፣ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ነው። በብርዱ ምክንያት የሞተ ሥርና ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ፣ አፈሩ ካርቦኑን ለዘመናት አከማችቶ፣ የክረምቱንም ውኃ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ለምንጮቹ ይለቃል። የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሰነድ የአገሪቱ የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ሲጨምር መቆየቱን አስፍሯል። ተራራ ላይ ሙቀት በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ አንድ ዲግሪ ጭማሪ ዕፅዋቱን 170 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋቸዋል። የገብስ እርሻውም አብሯቸው ይወጣል። ከ3,699 ሜትር በላይ ግን ማንም የሚሸሽበት መሬት የለም። በሞቀው አፈር ውስጥ ደግሞ የሞተው ሥርና ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል፤ አፈሩም ያከማቸውን ካርቦን ይለቃል።

እዚህ ላይ በአፈሩ ውስጥ የሚኖሩትን ፈንገሶችም ማንሣት ግድ ነው። ከ10 የምድር ዕፅዋት 8ቱ ያህሉ ሥራቸው ላይ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ተጋግዘው ይኖራሉ፤ ዛፉ ስኳር ይሰጣል፣ ከፀጉር የቀጠኑት የፈንገሱ ክሮች ሥር የማይደርስበት ገብተው ፎስፈረስና ውኃ ያመጣሉ። ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአገራችን ደረቅ የደጋ ደኖች ያደረጉት ጥናት አገር በቀሎቹ ዛፎች በዚህ ትብብር ላይ የቆሙ መሆናቸውን አሳይቷል። በሌላውም ዓለም ወደ ደቡብ ንፍቀ ክበብ አገሮች የተወሰደ ፓይን፣ ፈንገሱን የያዘ አፈር እስኪመጣለት ድረስ በብዙ ቦታ እየቀጨጨ ቀርቷል። አፈሩ ታጥቦ ባለቀበት ተዳፋት ላይ ችግኝ ሲተከል፣ ከአፈሩ ጋር ፈንገሱም እንደሄደ መገመት ያስፈልጋል። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ከደሴ ብዙም በማይርቀው ማይባር ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 ጣቢያ ሲከፍት የሚለካው ይህንኑ መታጠብ ነበር። ፕሮግራሙን የመሠረቱት ሃንስ ሁርኒ ከታረሰ የደጋ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚጠረግ አስልተዋል።

ለተራቆተ መሬት ማናቸውም ዛፍ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ገበሬው ከባሕር ዛፍ ማገዶና የቤት ሥራ እንጨት፣ ሲሸጠውም ጥሬ ገንዘብ ያገኛል፤ ያንን ከእጁ ንጠቁ የሚል ሰው ማገዶው ከየት ይምጣ ለሚለው መልስ ሊኖረው ይገባል። ደግሞም የባሕር ዛፍ ማገዶ ለደንቆሮ ጫካ ፋታ ይሰጣል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ግን የባሕር ዛፍ ማሳና የጓሳ ምድር በአንድ ሚዛን ተመዝነው የመጀመሪያው ዕድገት ሲባል፣ የሁለተኛው መታረስ በመቶኛው ላይ ምንም ምልክት የማይተው መሆኑን ነው።

መፍትሔው ምን ይሁን ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነገረው፣ ችግኝ ጣቢያ ላይ የጫካ አፈር ከአሸዋና ከፍግ ጋር ይቀላቀል የሚል ነው። አሠራሩ የቆየ ነው፤ ከጫካ አፈር ጋር ፈንገሱም አብሮ ስለሚመጣ ይጠቅማል። ግን በአንድ ቀን ይተከላል ለሚባል፣ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ችግኝ የሚበቃ የጫካ አፈር ከየትኛው ጫካ ይዛቃል? ቢገኝስ፣ በዛሬው ብርድ የኖረ ፈንገስ በነገው ሙቀትና የበልግ ዝናብ በሚዋዥቅበት አፈር ውስጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል ብሎ ዋስ የሚሆን ማን ነው? እኔ መልሱን አላውቀውም፤ መቶኛውን የሚያውጁትም ስለዚህ ሲናገሩ አልሰማሁም።