የአልስትሮሜሪያ ምርት በዘንግ ቁጥር ብቻ አይለካ

አልስትሮሜሪያ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ የሚገኙት በቺሊና በብራዚል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1762 ስያሜውን የሰጠው ካርል ሊኔየስ ስዊድናዊውን ክላስ አልስትሮመርን አስታውሶበታል። ዛሬ በኔዘርላንድስና በኮሎምቢያ እየተመረተ ለዓለም ገበያ ይቀርባል። ከተለቀመ በኋላ ሁለት ሳምንት ገደማ ሳይጠወልግ መቆየቱ ተፈላጊ አድርጎታል። በጽጌረዳ ላይ ያተኮረው የአገራችን የአበባ ልማት የምርት ዓይነቱን ለማብዛት ባሰበ ቁጥር ይህ ተክል ከአማራጮቹ አንዱ መሆኑ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን የሚከተለው ነው፦ ስለ አልስትሮሜሪያ አመራረት የሚደረግ ምርምር የለቃሚውን እጅ ጤንነት ከመለኪያዎቹ ውስጥ ካላስገባ ጎደሎ ነው።

ተክሉ የሚያቆጠቁጠው ከአፈር በታች አግድም ከሚዘረጋው ራይዞም ነው። የአበባውን መውጣት በዋናነት የሚወስነውም የራይዞሙ ሙቀት ነው። አፈሩ ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ቀንበጦቹ አበባ ይይዛሉ፤ ለረጅም ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን ቅጠል ብቻ ያበዛሉ። በዚህ ምክንያት አምራቾች አፈሩን በጉዝጓዝ ይሸፍናሉ፤ አቅም ያላቸውም በመደቡ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ በቧንቧ ያሳልፋሉ። የአየሩ ሌሊት ቀዝቃዛ በሆነበት ደጋ ላይ ይህ ወጪ ምን ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ለተመራማሪ የሚጋብዝ ጥያቄ ነው።

ወሳኙ ነጥብ ያለው ለቀማው ላይ ነው። ተክሉ ሥር ከያዘ በኋላ አበባው በአብዛኛው በመቀስ አይቆረጥም፤ ለቃሚው ዘንጉን ይዞ ከራይዞሙ ላይ ይነቅለዋል። መንቀሉ አዲስ ቀንበጥ እንዲወጣ ስለሚያነሳሳ ምርትን ይጨምራል። ይሁን እንጂ ተክሉ ቱሊፖሳይድ የተባለ ውሑድ አለው። ሕብረ ሕዋሱ ሲቆስል ይህ ውሑድ ወደ ቱሊፓሊን ይለወጣል፤ ቱሊፓሊንም የቆዳ አለርጂ ያስከትላል። ሕመሙ በተለይ የጣቶችን ጫፍ ያቀላል፣ ያደርቃል፣ ይሰነጣጥቃል። አንድ ጊዜ አለርጂው የያዘው ሰው ደግሞ ዳግመኛ ተክሉን በነካ ቁጥር ይታመማል። እንግዲህ ምርትን የሚያሳድገው ዘዴ ራሱ እጅን ከፈሳሹ ጋር አብዝቶ የሚያገናኝ ነው ማለት ነው።

ጉዳዩ የሙያ ደኅንነት ባለሙያዎች እንጂ የአትክልት ሳይንስ ተመራማሪ ድርሻ አይደለም የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። መከራከሪያው አያስኬድም፤ መፍትሔዎቹ ከእርሻው አሠራር የሚነጠሉ አይደሉምና። ቱሊፓሊን የቪኒል ጓንትን አልፎ ቆዳ ይደርሳል፤ የናይትራይል ጓንት ግን ይከላከላል። ስለዚህ «ጓንት ይደረግ» የሚል ጥቅል ምክር አይበቃም። ጓንቱ የለቃሚውን ፍጥነት ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ በየስንት ጊዜውም መለወጥ እንዳለበት በማሳው ላይ ሊለካ ይገባዋል። የቱሊፖሳይድ መጠንም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ይህ የዝርያ መረጣ ሥራ በመሆኑ በቀጥታ የእኛ ድርሻ ነው።

የአበባ እርሻ ሠራተኞቻችን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ጣታቸው የተሰነጠቀ ሴት ከእርሻው መልስ እቤቷም ታቦካለች፣ ታጥባለች፤ ጉዳቱ በግሪን ሃውሱ በር ላይ አይቀርም። በመሆኑም በዚህ ተክል ላይ የመመረቂያ ጥናት የሚያቅድ ባልንጀራዬ ሁሉ በመረጃ መሰብሰቢያ ቅጹ ላይ፣ በካሬ ሜትር ከሚገኘው የዘንግ ቁጥርና ከዘንጉ ርዝመት ቀጥሎ፣ የለቃሚዎችን የእጅ ቆዳ ሁኔታ በፈቃዳቸው የሚመዘግብ አንድ ዓምድ እንዲጨምር እጠይቃለሁ። የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ «የተሻለው ዝርያ» ስንል ለማን የተሻለ እንደሆነ አብረን መመለስ እንችላለን።