«ማን አመጣሽ?» ብለን እንጠይቅ

እዚህ ናይሮቢ፣ አበሻ በሚበዛባቸው ሰፈሮች፣ ስለ አንዳንድ ልጆች ሲወራ ድምፅ ዝቅ ይላል። «ሆቴል ትሠሪያለሽ ብለው አምጥተዋት…» ይባልና ወሬው እዚያው ይቆረጣል። ከዚያ አንድ ሰው «እሷስ ለምን መጣች?» ይላል። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ይህ ጥያቄ በዳዩን ትቶ ተበዳይዋን የሚከስ ነው እንላለን።

የምንኖርበት አገር ሕግ እንዲህ አይጠይቅም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ በሰው የነገደ ቢያንስ 30 ዓመት እስራት፣ ወይም ከ30 ሚሊዮን ሽልንግ የማያንስ መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ይፈረድበታል። ልጅቷን አታሎ ወይም አስገድዶ ለወሲብ ንግድ ያመጣ ሰው «እሺ ብላ ነው» ቢል አይድንም። ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነማ መታለሏን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። ተጎጂዋ ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ በመገኘቷ በወንጀል አትጠየቅም። ለተጎጂዎች መርጃ የሚውል ፈንድም በሕጉ ተቋቁሟል። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ለተጎጂዎች ጥበቃ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ሕጉ የሚደርስላት ተጎጂ መሆኗ ሲታወቅ ነው። አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የምታውቅ ልጅ ጣቢያ ቀርባ «ወረቀትሽ የት አለ?» ብቻ ከተባለች፣ ያለ ፈቃድ የገባች ተብላ ትታሰራለች። ደላላው ግን ቤቱ በሰላም ያድራል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች። እሷ እንድትደብቅ የሚያደርጋት ግን የእኛ ሐሜት ነው። «ጉዳዩ ከወጣ የማኅበረሰባችን ስም ይጠፋል» የሚሉ ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን። ስማችንን የሚያጠፋው ደላላው በሠርጋችንና በለቅሷችን ተከብሮ መቀመጡ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ማኅበረሰቡ በጣቢያና በፍርድ ቤት የሚያስተረጉሙ፣ ምስጢር የሚጠብቁ ሴቶችና ወንዶች ያዘጋጅ። ትምህርት ቤታችንም ይህን ሕግ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ያስተምር፤ ታናናሾቻችን «ሥራ አለልሽ» የሚላቸውን ሰው መመርመር ይልመዱ።

ከዚህ ግቢ ስንወጣ እኛም አንድ ቃል እንገባለን፦ እንዲህ ያለች እህት ስታጋጥመን «ለምን መጣሽ?» አንላትም። «ማን አመጣሽ?» ብለን እንጠይቃታለን፤ ስትመልስም አብረናት እንቆማለን።