የማይፈታውን አስቀድመን እንምረጥ

በዛሬው ጊዜ በመኝታ ቤቶቻችንና በሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚነሡት ወሬዎች አንዱ ስለ ጌም ላፕቶፕ የሚደረገው ክርክር ነው። አንዱ «ፕሮሰሰሩ ይበልጣል» ሲል ሌላው «ራሙን አብዛው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የግራፊክስ ካርዱን ቁጥር እንደ ማዕርግ ስም ይጠራል። በክርክሩ ክፋት የለበትም። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቻችን ዕቃውን ስንመርጥ የትኛው ምርጫ ለዘለቄታው፣ የትኛው ለጊዜው መሆኑን አለመለየታችን ነው። የእኛ አሳብ አጭር ነው፤ ላፕቶፕ በትእዛዝ የሚያስገጥም ተማሪ ገንዘቡን አስቀድሞ ማዋል ያለበት በኋላ ተፈትቶ ሊለወጥ በማይችለው ክፍል ላይ ነው።

ይህን ነገር እንደ ተራ ጨዋታ የሚቈጥር ቢኖር፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያስብ። ከመካከላችን አብዛኞቹ ይህን ዕቃ የሚገዙት ከደመወዛቸው አይደለም። አባት በሬ ሸጦ፣ እናት ዕቁብ ደርሷት፣ ወይም እኅት በቤይሩትና በሪያድ በሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደ ከበደ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬ አሳስቶ የገዛ ተማሪ ስሕተቱን በሚመጣው ዓመት በሌላ ማሽን ሊያርመው አይችልም፤ በምርቃቱ ቀን ይዞት የሚወጣው ያንኑ ነው።

በመጀመሪያ «በትእዛዝ የተገጣጠመ» የሚለውን ቃል እንመርምረው። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በእውነት ይገጣጠማል፤ ሣጥኑ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተገዝተው በካቻቢቴ ይታሰራሉ። ላፕቶፕ ግን እንደዚህ አይደለም። በትእዛዝ ላፕቶፕ ከሚሸጡት ድርጅቶች ብዙዎቹ፣ ክሌቮን ከመሳሰሉ የታይዋን ፋብሪካዎች ቀፎውን ከነማዘርቦርዱ፣ ከነስክሪኑና ከነማራገቢያው ይረከባሉ፤ ከዚያም ደንበኛው ባዘዘው መጠን ራምና ኤስ ኤስ ዲ ይጨምሩበታል። ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ቺፑ ግን ከጥቂቶች በቀር በዛሬዎቹ ላፕቶፖች ሁሉ በማዘርቦርዱ ላይ ተበይደው ይመጣሉ። እንግዲህ ደንበኛው «ራሴ ያስገጠምሁት» እያለ በሚኰራበት ማሽን ውስጥ፣ በኋላ በእጁ ሊነካው የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ከማይፈቱት ሁሉ ለጌም ዋነኛው የግራፊክስ ቺፑ ነው። እዚህ ላይ ገበያው በስም ያታልላል። ለምሳሌ የኤንቪዲያን አር ቲ ኤክስ 4060 የላፕቶፕ ቺፕ እንውሰድ። ይህ ቺፕ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ኀይል እንዲሠራ የተፈቀደ ሲሆን፣ ስንት ዋት እንደሚሰጠው የሚወስነው ላፕቶፑን የሠራው ድርጅት ነው። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች አንድ ስም የተለጠፈባቸውን ሁለት ላፕቶፖች ገዝተው፣ የአንደኛው ጌም ሲሮጥ የሌላው ሲያነክስ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም። ከዚህ የባሰም አለ። አር ቲ ኤክስ 4090 በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ 16,384 የስሌት ክፍሎችና 24 ጊጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪ ሲኖሩት፣ በላፕቶፕ የሚገኘው ሞክሼው ግን 9,728 ክፍሎችና 16 ጊጋባይት ብቻ አሉት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በዚህ ገበያ ግን ከስሙ በላይ የሚውለው ዋቱ ነው። ሻጩን «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ ማብቃት አይበቃም፤ «ስንት ዋት ይሰጠዋል? የራሱ ሜሞሪስ ስንት ነው?» ማለት ይገባል። የግራፊክስ ሜሞሪ በኋላ አይጨመርምና፣ አር ቲ ኤክስ 4050 የገዛ በ6 ጊጋባይቱ፣ 4060 የገዛ በ8 ጊጋባይቱ ይኖራል።

ፕሮሰሰሩም የማይፈታ ነው፤ ሆኖም ከመካከለኛው ወደ ትልቁ ለመውጣት የሚከፈለው ገንዘብ ለጌም የሚያስገኘው ትርፍ፣ ያው ገንዘብ በግራፊክሱ ላይ ቢውል ከሚያስገኘው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ትልልቅ ፕሮግራም የሚያጠናቅር ወይም በስሌት የሚደክም የምሕንድስና ተማሪ ግን ጉዳዩን በራሱ ሥራ መዝኖ ይወስን።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማይጠይቅበት፣ ማቀዝቀዣው ነው። ቺፕ ሲሞት ሳይሆን ሲሞቅ ራሱን ያዘገያል፤ ከተወሰነ የሙቀት መጠን ሲደርስ እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚህ ረገድ የእኛ አገር የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩም በባሕር ዳር ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለ ሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። እርግጥ የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ጥቂት ይክሳል። ድሬዳዋ ደግሞ ዝቅ ያለች ብትሆንም ሙቀቷ ራሱ ፈተና ነው። የባሕር ዳር ሰው የጻፈውን ምስክርነት አንብቦ፣ እንደ ደብተር የቀጠነውን ላፕቶፕ የሚያዝ ሰው ይህን ሳያስብ ያዝዛል። የእኛ ምክር ወፈር ያለውን፣ ሁለት ማራገቢያ ያለውን፣ የታች ክዳኑ በተራ ብሎን ተፈትቶ አቧራው የሚጠረገውን መምረጥ ነው። ውበቱ ቢያንስ ዕድሜው ይረዝማል።

ሦስተኛው ስክሪኑ ነው። ቢሰበር ይተካ ይሆናል እንጂ ለማሻሻል ብሎ የሚለውጠው ጥቂት ነው። 3,840 በ2,160 ነጥብ ያለው ስክሪን፣ 1,920 በ1,080 ካለው አራት እጥፍ ነጥቦች አሉት፤ ቺፑም በየምስሉ አራት እጥፍ ነጥብ መሳል ይኖርበታል። በመካከለኛ ቺፕ ላይ እንዲህ ያለ ስክሪን መጫን በአህያ ላይ የግመል ጭነት መጫን ነው። ለአብዛኞቻችን 1,920 በ1,080 ሆኖ በሴኮንድ 144 ጊዜ የሚታደሰው ይበቃል።

አሁን ወደሚፈቱት እንምጣ። ራም፣ ኤስ ኤስ ዲ፣ ባትሪና የዋይ ፋይ ካርድ በብዙ ጌም ላፕቶፖች ላይ በካቻቢቴ ይለወጣሉ። ስለዚህ በእነዚህ ላይ ሲገዙ ቆጠብ ማለት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሊዘነጋ አይገባውም፤ ራሙ በቦታው የሚሰካ ነው ወይስ የተበየደ? ሁለት የራም ማስገቢያ፣ ከተቻለም ሁለት የኤም ነጥብ 2 ማስገቢያ ያለው ማሽን የተዘጋ በር የለውም። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ይዞ ጀምሮ፣ ገንዘብ ሲገኝ ሁለተኛውን መጨመር ይቻላል፤ ሁለት ሲሆኑም መረጃው በሁለት መስመር ስለሚመላለስ ጌሙ ፈጠን ይላል። «እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቅቧል፤ መጠበቅ ምን ይጠቅማል?» የሚለን ቢኖር፣ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፤ የተበየደ ራም ግን ዋጋው ቢወርድም አይጨመርም ብለን እንመልሳለን።

ሌሎች ደግሞ «ግራፊክሱም የሚለወጥ ላፕቶፕ አለ» ይሉናል። እውነት ነው፤ ግን ታሪኩ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዴል ኤሊየንዌር ኤሪያ 51 ኤም ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ የሚለወጥ ተብሎ ተዋውቆ ነበር፤ ሆኖም ቀጥሎ የመጣው የ3000 ተከታታይ ግራፊክስ ለዚያ ማሽን አልተሠራለትም። በሌላ በኩል ፍሬምወርክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መላክ ለጀመረው ባለ 16 ኢንች ላፕቶፑ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 አዲስ የግራፊክስ ክፍል አቅርቧል። እንግዲህ የሚታመነው በዓይን የታየው መለዋወጫ ነው፤ በማስታወቂያ ለተነገረ መለዋወጫ አስቀድሞ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ስለ ጌሙም እውነቱን እንናገር። ይህ ማሽን የሕንፃ ንድፍ ይሥላል፣ ፊልም ያቀናብራል፣ ፕሮግራም ያጠናቅራል። ማታም እንጫወትበታለን፤ ከፈተና በኋላ ከጓደኛ ጋር መጫወት ነውር አይደለም። ነውሩ ለሥራችን የሚበቃውን ሳናመዛዝን «ለትምህርት ነው» ብለን በሬ ማሸጥ ነው። ለቤተሰቡ «ለሁለቱም ነው፤ ይህን ያህል ዓመት እንዲያገለግል አድርጌ መርጫለሁ» ብሎ በግልጽ የሚናገር ተማሪ፣ ምርጫውን በጥንቃቄ ለማድረግ ራሱን ያስገድዳል።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በማኅበሩ ቢሮ አንድ መዝገብ ይቀመጥ፤ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ የማሽኑን ዓይነት፣ የግራፊክሱን ዋት፣ ግማሽ ሰዓት ጌም ሲሠራበት የሚደርሰውን ሙቀት፣ ራሙ የሚሰካ ወይም የተበየደ መሆኑን ይጻፍበት። በወር አንድ ቅዳሜም ካቻቢቴ የሚያውቁት ለማያውቁት አቧራ ይጥረጉ፣ ቴርማል ፔስት መቀየርን ያስተምሩ። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንዲህ ያለ መዝገብ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ ከፍታ፣ በዚሁ አቧራና በዚሁ መብራት የተፈተነ ምስክር ይሆነናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን በሻጭ ቃል ከምንመራ፣ አንዱ የከፈለበት እውቀት ለሌላው እንዲተርፍ እናድርግ። መዝገቡ እንዲከፈት በሚመጣው ስብሰባ እንጠይቃለን፤ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የየማሽናቸውን ዋት አጣርተው ይዘው እንዲመጡ አደራ እንላለን።