የልጁን የልደት ዘመን ማን ሞላው?

ባለፈው ወር በሜሪላንድ የእኛ የኢትዮጵያውያን ልጆች በብዛት ከሚማሩባቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ለወላጆች ደብዳቤ ላከ። አንድ ትልቅ ሰው ራሱን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አስመስሎ፣ በጨዋታ መተግበሪያ ውስጥ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሲያጫውት ከርሟል። መጀመሪያ የጨዋታ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ ቀጥሎ የየትኛው ትምህርት ቤት ልጆች እንደሆኑ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ፎቶ ላኩልኝ ይላል። ነገሩን ያወጣችው አንዲት የእኛው ልጅ ናት። የነገረችው ግን ለእናቷ ወይም ለአባቷ ሳይሆን ለአስተማሪዋ ነው።

ደብዳቤው በአማርኛም ተተርጉሞ ነበር። በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ የማታ ስብሰባ ጠራ፤ ግማሹ ልጆችን ኢንተርኔት ላይ ስለመጠበቅ፣ ግማሹ ቤት ውስጥ ስለማስነበብ። አስተርጓሚ ተቀጥሯል፣ ትንንሾቹ የሚቆዩበት ክፍል ተከፍቷል፣ ፒዛ ሳይቀር ተገዝቷል። ከእኛ ወገን የመጣው ሦስት ቤተሰብ ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለአንድ የሙዚቃ ምሽት መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ፣ ሰው ሩቅ መንገድ ላይ አቁሞ በእግሩ ይመጣ ነበር።

ሥራ ላይ የነበረውን ሰው አልወቅስም። ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል ቆማ የምታድረውን፣ ከደለስ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሰውን፣ ፓርኪንግ ውስጥ በብርድ የሚውለውን አውቀዋለሁ፤ የኪራዩንም ዋጋ አውቃለሁ። የምወቅሰው በዚያ ምሽት ቤቱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ የአገር ቤት ፖለቲካ በቲክቶክ ላይቭ ሲከታተል ያመሸውን ነው። ልጁ አጠገቡ ነበር። እሱ በአንድ ስልክ ላይ ሰው ሲሰዳደብ ይሰማል፣ ልጁ በሌላ ስልክ ላይ ከማን ጋር እንደሚያወራ አይታወቅም። ከዚያ ደግሞ እሑድ ቡና ላይ «ልጄ እኮ ኮምፒውተር እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው» እያለ ያወራል።

ከስብሰባው በኋላ መተላለፊያው ላይ ቆመን፣ አንዲት እናት ልጇ የሚጫወትበትን ሮብሎክስ የተባለ የጨዋታ መተግበሪያ እንድናይላት ከፈተችው። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ መለያው ላይ ግን የ41 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ተመዝግቧል። ልጁ «የልደት ቀን ሙላ እያለ አላስገባ አለኝ» ብሎ አባቱን ሲነዘንዝ፣ አባት የራሱን የልደት ቀን ሞልቶ ስልኩን መልሶለታል። ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም። በዚያ መተላለፊያ ከነበርነው ውስጥ ሌላም ሰው ወዲያው የራሱን ስልክ አውጥቶ አየ፣ ፊቱም ተለወጠ።

ወላጆች ሆይ፣ የልደት ዘመን ያስገባንበት ያ ትንሽ ሳጥን የልጁ አጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ድርጅቶች ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ የግል መረጃ ከመውሰዳቸው በፊት የወላጅ ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል። ሮብሎክስም ከብዙ ወቀሳ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከጨዋታ ውጪ በግል መልእክት እንዳይላላኩ ከልክሏል። ወላጅ በራሱ ስልክ ሆኖ ልጁ ከማን ጋር ጓደኛ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጫወት የሚያይበትን መንገድም አብሮ ከፍቷል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ልጁ በትክክለኛ ዕድሜው ከተመዘገበ ነው። የ41 ዓመት ሰው ብለን ካስገባነው ማንም አይጠብቀውም፤ አጥሩን ያፈረስነው እኛው ነን። አሁን ደግሞ ለመወያየት ፊት በካሜራ እያየ ዕድሜ የሚገምት ማጣሪያ ተጨምሯል። እዚያም ላይ ለታናሽ ወንድሙ የራሱን ፊት የሰጠ ጎረምሳ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እናቱ አጠገባቸው ሆና «በቃ ዝም አሰኘው» ብላዋለች አሉ።

ፎቶውንም እኛው ነን የምንበትነው። ሰኔ በመጣ ቁጥር የልጁን ሙሉ ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የክፍሉን ደረጃና የአስተማሪውን ፊርማ የያዘ ምስክር ወረቀት ፌስቡክ ላይ ለሺህ ሰው እንለጥፋለን። አንዳንዱ ልጁን ከነዩኒፎርሙ አስደንሶ ቲክቶክ ላይ ያወጣል፤ ከሥር የሚጽፉትን ሰዎች አንዱንም አያውቃቸውም። ልጅህን «ለማታውቀው ሰው ስምህን አትንገር» ስትለው፣ ስሙን ለዓለም ሁሉ የነገርከው አንተ መሆንህን ያውቃል። ልጆች ያያሉ።

ወደ ንባቡ ልምጣ፤ ሁለቱን ነገር በአንድ ማታ ያጣመረው ትምህርት ቤት ልክ ነበርና። ልጅን ከጎን ተቀምጦ ማስነበብና ልጅ ስልክ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አንድ ወንበር ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። በየማታው 20 ደቂቃ አጠገቡ የሚቀመጥለት ሰው ያለው ልጅ፣ አንድ ቀን የሚያስፈራ መልእክት ሲመጣለት ለማን እንደሚናገር ያውቃል። ማንም የማይቀመጥለት ልጅ አስተማሪው ዘንድ ይሄዳል፤ አስተማሪም ካጣ ዝም ይላል።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም» የሚለውን ምክንያት በየቤቱ ሰምቼዋለሁ። ይህን የሚለው ሰው በዚሁ እንግሊዝኛው ቤት ገዝቷል፣ ፈቃድ አውጥቷል፣ ታክስ ይሞላል። እሺ፣ አይበቃም እንበል። ልጁ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሲጨርስ «በል አሁን ምን ሆነ? በአማርኛ ንገረኝ» በለው። ያኔ የገባውና ያልገባው ይለያል። ብዙ ልጆቻችን ቃሉን እንደ ባቡር ይነዱታል፤ ታሪኩ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን አንገታቸውን ይደፋሉ። ያነበቡትን እንዲናገሩ የጠየቃቸው ሰው የለም። በቤት ቋንቋው መተረክ፣ መጠየቅ፣ ምክንያት መስጠት የለመደ ልጅ እንግሊዝኛ ንባቡም ይበረታል፤ አስተማሪዎቹም ይህን ደጋግመው ይነግሩናል። እኛ ግን አማርኛውን አስጥለን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ካም ሂር፣ ሲት ዳውን» እያልን፣ ልጁን ከሁለቱም ቋንቋ አጉድለነዋል።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። በወላጅና መምህር ውይይት ላይ ስለ ራሱ ውጤት የሚባለውን የሚተረጉመው ራሱ ልጁ የሆነበት ቤት ስንት ነው? አስተማሪዋ «ንባቡ ከክፍሉ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ እርዱት» ትላለች፤ ልጁ «ጎበዝ ነው እያለች ነው» ብሎ ይተረጉማል፤ አባት አመስግኖ ይወጣል። የስምንት ዓመት ልጅ ምን ያድርግ? እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥነው እኛ ነን። አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ አይደለም፤ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው። በዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፣ አማርኛም ከሚገለገልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች መልእክታቸውን በአማርኛ ይልካሉ። በቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የንባብ ሕግ ከ2024 የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ወዲህ በሥራ ላይ ነው፤ በታችኛዎቹ ክፍሎች ንባቡ ለደከመ ልጅ ትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ እንዲያወጣና ለወላጅ እንዲያሳውቅ ያዛል። ይህን መብት ያገኘነው ሌሎች ስብሰባ ተቀምጠው፣ ተከራክረው ነው። እኛ ደብዳቤውን ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ጨምድደን እንጥለዋለን።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እሳቸውም እንደኛ ስደተኛ ነበሩ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በኢትዮጵያ ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው ቢያጡ፣ የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ራሳቸው አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳ በኩል ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ላኩ። ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ ጀግኖች ተርታ አሰለፋቸው። እዚያ አህያ መጽሐፍ ስትጎትት፣ እዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ከቤታችን በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ካርዱ በነፃ ነው። በሞንጎመሪም በፌርፋክስም በዲሲም መጽሐፍ ዘገየ ብሎ መቅጣት ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ስንቶቻችን ነን ለልጃችን ካርድ ያወጣንለት?

ያደግንበትን እናስታውስ። እኛን ያስነበቡን አባቶች ብዙዎቹ ራሳቸው ማንበብ የማይችሉ ነበሩ። ማታ ከብርሃኑ ሥር አስቀምጠው «እስቲ የዛሬውን አሰማኝ» ይሉ ነበር፤ ፊደሉን አያውቁትም፣ ግን ድምፃችን ሲንተባተብ ያውቃሉ፤ «ድገመው» ይላሉ። የጎረቤት እናት ከልጇ የመጣ ደብዳቤ ይዛ ስትመጣ ጮክ ብሎ ማንበብ የእኛ ሥራ ነበር፤ ስናነብ ቤቱ ጸጥ ይላል። ቴሌቪዥን ባለበት ቤት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ የልጆች ተረት ነጋሪውን አባባ ተስፋዬን ሲያዳምጥ፣ ትልልቆቹም አብረው ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር፤ ልጅ ምን እንደሚነገረው ያውቁ ነበር። ያ ትውልድ እንግሊዝኛ አልነበረውም፣ ታብሌት አልነበረውም፣ ብዙውም ፊደል አልነበረውም። ጆሮ ግን ነበረው። የእኛ ጆሮ ምን ላይ ነው ያለው?

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክፉ ነገር ሲደርስ ገመና ነው ብለን እንቀብረዋለን። ፎቶ ተልኮ፣ ልጅ ተሸማቆ፣ ማስፈራሪያ እየመጣ፣ ቤተሰቡ «ሐበሻ እንዳይሰማ» ብሎ ይዘጋዋል፤ አባት ቀበቶ ያነሣል፣ እናት ስልኩን ትሰብራለች። ልጁ ከዚያ በኋላ ለዘላለም አይናገርም፤ አታላዩም የሚተማመነው በዚህ ነው። አትምቱት። መልእክቶቹን አታጥፉ፣ ማስረጃ ናቸው። ለትምህርት ቤቱና ለፖሊስ ንገሩ፤ ለጠፉና ለተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል በ1-800-843-5678 ደውሉ። የልጅ እርቃን ፎቶ ወጥቶ ከሆነ ማዕከሉ ከየድረ ገጹ እንዲነሣ የሚያግዝበት አገልግሎትም አለው። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ጉዳይ አፋችሁን አይዝጋው፤ ልጃችሁ የተበደለ እንጂ ያጠፋ አይደለም።

የእድር ሰብሳቢዎች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አስተዳዳሪዎች፣ ይህን ለእናንተም ነው የምጽፈው። ለሠርግም ለለቅሶም በአንድ ቀን ጥሪ አዳራሽ የሚሞላ ሕዝብ ይዛችኋል። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ በኋላ አንድ ሰዓት ለልጆች ንባብ ስጡ። አዛውንቶቹ ተረት ይንገሩ፣ ኮሌጅ የገቡት ወጣቶች የወላጆችን ስልክ እየተቀበሉ የልጆቹን ዕድሜ ያስተካክሉ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ፈቃድ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙት፤ ቀኑንም እዚያው ቁረጡ።