ሹክ ውስጥ ዱላ አይወዛወዝም

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አገር ቤት ሳለን እረኛ የሆነ ሁሉ በዱላ መመከት ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ማሃኔ ይሁዳ ስገበያይ ግን አንድ ጎረምሳ ክንዴን ይዞ ፌስታሌን ሊነጥቀኝ ታገለኝ። ሰዉ ተጨናንቋል፤ ዱላ ብይዝስ የት ላወዛውዘው?

ከዚያ ወዲህ ሰው ጠያየቅሁ። ቴኳንዶ የእግር ምት ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል፣ እግር ለማንሳት ግን ቦታ ይፈልጋል። በአግሪፓስና በያፎ መንገድ መካከል ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ምን ቦታ አለ? ጁዶ ይዞ መጣል ነው፤ የእረኛ ትግል ይመስላል። እስራኤል የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው በጁዶ ነው፤ በ1992 ያኤል አራድ የምትባል ሴት አመጣችው። ለልጆቻችን ይህን እመርጣለሁ፣ ሳይጎዱ መውደቅን ያስተምራልና።

ለእኛ ለትልልቆቹ ግን ክራቭ ማጋ ይሻላል ባይ ነኝ። ያወጣው ኢሚ ሊችተንፌልድ በ1930ዎቹ በብራቲስላቫ ከተማ አይሁድን ከሚደበድቡ ወሮበሎች ጋር የተጋፈጠ ሰው ነው። ትግልና ቦክስ ያውቅ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን የስፖርት ሕግ እንደማይሠራ አየ። ኋላ እዚህ አገር መጥቶ ወታደሮችን አስተማረ። ሲይዙህ ማስለቀቅ፣ መትቶ መሸሽ ነው ነገሩ። መሸሽ ነውር ነው የምትሉ ሽማግሌዎች አላችሁ፤ አልስማማም። ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?

የዚያን ቀንስ ያዳነችኝ ከሞራችን የተማርኳት ቃል ነች። “ሃጺሉ!” ብዬ ስጮህ አትክልት ሻጩ ዘሎ መጣ፣ ልጁም ለቀቀኝ።

የማዕከሉ ኃላፊዎች ማታ ማታ አንድ አሠልጣኝ ቢያመጡልን፣ ሴቶቹም የራሳቸው ሰዓት ቢኖራቸው፣ እኔ ቀድሜ እመዘገባለሁ።